ከናዝሬት እስከ ዝዋይ፤ ጠባቂ የሚሻ ወይን

በ2011 ዓ.ም.፥ ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት፥ በናዝሬት ከተማ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ መንበሩ ሸኝተን ስንመለስ፥ የምናውቃቸው አንዲት እናት ከሕዝቡ ለይተው ጠሩን። ልጃቸውን ከፊደል ገበታ ጀምረን ያስተማርናት ነን፤ እርሳቸውም ከሰላምታ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ነገራቸው ገቡ።

«መምህር፥ ዛሬ ጌታችን ውኃውን ወይን ያደረገበት ቀን ነውና የወይን ነገር ልጠይቅዎ። ልጄ ዝዋይ ከወይን ጠጅ መጥመቂያ ሥራ ይዛለች። ከሄደች ሦስት ወር አለፋት። መርቂኝ ብላ ብትለምነኝ እስከ ዛሬ ዝም ብያታለሁ። አባቷን ለመቃብር ያበቃው መጠጥ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ልመርቃት ወይስ ተመለሺ ልበላት?»

ከመጽሐፍ የምናውቀውን ለመናገር አፋችንን ከፍተን ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፋችን ሳይወጣ ቀረ። ከጥፋት ውኃ በኋላ ወይን የተከለ ኖኅ በዚያው ወይን ሰክሮ ራቁቱን መተኛቱ ተጽፏል፤ በቃና ሰርግ የወይን ጠጅ ባለቀ ጊዜ ጌታ የሰርጉን ቤት ከኀፍረት ማዳኑም ተጽፏል። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ለእናቲቱ የትኛውን እንንገራቸው? ደግሞም ልጅቱ የምትሠራውን ሥራ በዓይናችን አላየንም። ስለዚህ «ሄደን አይተን እንመልስልዎታለን» ብለን ተለያየን። የትምህርት ቤቱ ዕረፍት በደረሰ ጊዜ፥ ጥር 22 ቀን ረቡዕ ማለዳ፥ መንገድ ጀመርን።

አንባቢ ሆይ፥ እኛ ከወይን ጋር የተዋወቅነው በቤተ ልሔም ነው። በልጅነታችን በዲቁና ስናገለግል፥ ኅብስቱና ወይኑ ለቅዳሴ በሚዘጋጁባት በዚያች ትንሽ ቤት ውኃ መቅዳትና ዕቃ ማጠብ የእኛ ድርሻ ነበር። በአገራችን ሥርዓት የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ ይታጠባል፥ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፥ ከለሰለሰ በኋላም ይጨመቃል። በዕለቱ ተጨምቆ በዕለቱ ይቀርባል እንጂ ለነገ ተብሎ አይቀመጥም። በየቤታችን የሚያድረው ጠጅ ነው፤ እርሱም ቢሆን ማርና ጌሾው በጋን ተዋሕዶ ሲበስል፥ እንግዳው ሁሉ ጠጥቶት ያልቃል እንጂ ዓመታት አይቈጥርም። እንግዲህ «ያረጀ ወይን» ሲባል ስንሰማ፥ ያረጀ ነገር እንዴት ይጣፍጣል እያልን በልባችን ስንገረም የኖርን ሰዎች ነን።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት የተባለችውን፥ ዛሬ ግን በቀደመው ስሟ አዳማ የምትባለውን ከተማችንን ትተን ወደ ሞጆ አቀናን። ሞጆ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፥ አንዱ ወደ ናዝሬት ይወርዳል፥ ሦስተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አጠገብ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። እኛም ሦስተኛውን ይዘን ጥቂት እንደ ተጓዝን የቆቃ ሐይቅ በስተ ግራችን ታየን። ይህ ሐይቅ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ አዋሽ ታግዶ የተፈጠረ ነው።

አዋሽ ከግድቡ ከወጣ በኋላ የወንጂን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ በሶደሬ ፍል ውኃ አጠገብ አልፎም ወደ መርቲ ይዘልቃል። በመርቲ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የወይን እርሻ ይገኛል። ጉደር፥ አክሱሚት፥ ከሚላና ዱከም የሚባሉት፥ በየሰርጉ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምናያቸው ጠርሙሶች የዚህ ፋብሪካ ናቸው። ፋብሪካው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረ ሲሆን፥ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመልሶ ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ። ባለቤቱ እንዲህ ሲለዋወጥ፥ አባት ለልጁ፥ ልጅም ለልጅ ልጁ ቁልፉን የሚያስረክብበት የወይን ጓዳ በአገራችን ሥር ሳይሰድ ቀረ። ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ ሆኖ አይደለም፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ ወይን ይተከል እንደ ነበር ያዩ መንገደኞች ጽፈዋል።

ዓለም ጤናንና መቂን አለፍን። በመቂ መንገድ ዳር ሽንኩርቱና ቲማቲሙ እንደ ክምር እህል ተቈልሎ ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ግራር ብቻ ነው፤ ፀሐዩም ይበረታል። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ደረስን።

የምንጐበኘውን እርሻ የተከለው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ሙሴ ፒየር ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1926 ሲወለዱ አባታቸው ከስፔን የተሰደዱ፥ በሰው የወይን እርሻ በጉልበታቸው የሚያድሩ ሠራተኛ ነበሩ። ዘጠኙ ወንድማማችና እኅትማማች እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ ከተማ ተባብረው የወይን ጠጅ ንግድ አቆሙ፤ ያም ንግድ ከጊዜ በኋላ በፈረንሳይ አገር ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ወደ አገራችን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ ገዝተው ነው። ከዚያም በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ግፊት በዝዋይ ወደ 120 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ከፈረንሳይ የመጣ የወይን ችግኝ ተተከለ፤ የመጀመሪያዎቹም ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጡ። እንግዲህ ቤተሰቡ በሙያው የቈየ ሲሆን፥ የዝዋዩ ጓዳ ግን ገና ልጅ ነው።

እርሻውን አስቀድሞ ያሳዩን አንድ ወይን ገራዥ አዛውንት ነበሩ። ዙሪያውን የተቈፈረውን ሰፊ ቦይ አይተን ለመስኖ መስሎን ነበር። «የለም፥» አሉን፥ «ይህ የአጥር ቦይ ነው። ከሐይቁ ጉማሬ ይወጣል፤ ጅቡም ዘንዶውም አይታመንም።» ከቦዩ ወዲህ ረድፉ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ዓይን እስኪደርስ ድረስ ይሄዳል። ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉት ጥቁሮቹ፥ ሻርዶኔ የሚባለው ደግሞ ነጩ ወይን ነው። አፈሩ አሸዋማ ስለ ሆነ ውኃ አይዝም፤ ቀኑ ሞቃት፥ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑም ፍሬው ስኳሩን እያጠራቀመ ኮምጣጣነቱን ሁሉ አይጥልም።

አዛውንቱ ከሁሉ አስበልጠው የነገሩን ግን የወይኑን እንቅልፍ ነው። በፈረንጅ አገር የክረምቱ ብርድ ሲመጣ ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይም ይነቃል። በዝዋይ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ስለዚህ ወይኑ ካልተገረዘ ዓመቱን ሙሉ ሳይተኛ ቅጠል ብቻ ሲያበዛ ይኖራል። «እኛ በመቀስ እናስተኛዋለን፥ በመቀስም እንቀሰቅሰዋለን፤» አሉ። መግረዣውን ቀን የሚቈርጡትም ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ ከዝናቡ ወራት እንዲርቅ አስበው ነው፤ ዝናብ የበሰለውን ዘለላ ያበሰብሰዋልና። በወንጌለ ዮሐንስ ስለ ወይን ግንድና ስለ ቅርንጫፉ የተነገረውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀው ነበር፤ መቀስ ይዞ የሚፈጽመውን ሰው ስናይ ግን ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ከእርሻው ወደ ጓዳው ገባን። በበሩ ላይ ነጭ ካፖርት ለብሳ የተቀበለችን የጥንት ተማሪያችን፥ የእናቲቱ ልጅ ነበረች። «ጋሼ፥ እንኳን ደኅና መጡ፤» ብላ ጕልበታችንን ልትስም ዝቅ አለች፤ እኛም አነሣናት። ከሙያ ትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ተመርቃ የወጣች ናትና ነገሩን ከሥሩ ጀምራ አስረዳችን።

ቀዩ ወይን የሚቀላው ከልጣጩ ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ቀለሙንም፥ አፍን የሚያጨብጠውን ጣዕምም ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ይወስዳል። ለነጩ ግን ልጣጩ አስቀድሞ ይለያል። እርሾ የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ስኳሩ ባለቀ ጊዜ መፍላቱ ይቆማል። ይህ ሁሉ በማይዝግ ብረት በተሠሩ፥ ከቤት በላይ በቆሙ ታላላቅ ጋኖች ውስጥ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ወይኑ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ትኩስ ሳለ ወደ ጠርሙስ ይሄዳል፥ የተመረጠው ግን ወደ በርሜል ይወርዳል።

በርሜሎቹ የተደረደሩበት ክፍል ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ጸጥታ አለው። በርሜሉ ፈረንጆች ኦክ ከሚሉት ከባሉጥ እንጨት የተሠራ ሲሆን፥ በተለመደው መጠን 225 ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም 300 ጠርሙስ ማለት ነው። እንጨቱ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ የራሱን ሽታ፥ ቫኒላና የተቈላ ቅመም የመሰለውን፥ ለወይኑ ያበድራል። ሁለተኛ በቀጭን ቀዳዳዎቹ በኩል እጅግ ጥቂት አየር ያሳልፋል፤ በዚህም የወይኑ ጭብጠት ቀስ በቀስ ይለዝባል። ነገር ግን አየሩ ከበዛ ወይኑ ሆምጣጤ ይሆናል። ወይኑም በእንጨቱ በኩል እየተነነ ስለሚጐድል፥ በየጊዜው በርሜሉን ከፍቶ እስከ አፉ መሙላት ያስፈልጋል። የልጅቱ ሥራ ይህ ነው። በየበርሜሉ የጐደለውን ትሞላለች፥ ሙቀቱን ትለካለች፥ ያየችውን ሁሉ በመዝገብ ትጽፋለች።

«ያረጀ ወይን ሁሉ ጥሩ ነውን?» ብለን ጠየቅናት።

«አይደለም ጋሼ፤ አብዛኛው በአንድ በሁለት ዓመት ቢጠጣ ይሻለዋል። የሚያረጀው ጭብጠትና ኮምጣጣነት ያለው፥ ከመጀመሪያውም በጥንቃቄ የተሠራው ነው። እርሱም ቢሆን የሚጠብቀው ከሌለ ይበላሻል፤» አለችን። በስተ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎናቸው የተጋደሙ ጠርሙሶችን አሳየችን። ከሁሉ አሮጌው ዕድሜው ከስድስት ዓመት ልጅ አይበልጥም ነበር። በፈረንሳይ ጓዳዎች የአያት ዕድሜ ያለው ጠርሙስ እንዳለ ሰምተናል። በጆርጂያ አገር ደግሞ፥ እንደ እኛው ጥንታዊ ክርስትና ባለው ሕዝብ ዘንድ፥ ቤተሰቦች ክቬቭሪ የሚባል ታላቅ የሸክላ ጋን ምድር ውስጥ ቀብረው ወይን ይጠምቁበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በዚያ አገር በተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ላይ የ8,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የወይን ምልክት መገኘቱን አስታውቋል። የዝዋዩ ስድስት ዓመት ከዚህ ሁሉ አጠገብ ትንሽ ነው። ቢሆንም የስድስት ዓመቱን ልጅ ትንሽ ነህ ብሎ የሚንቅ አስተማሪ የለም።

ልጅቱ ሁለት ብርጭቆ ቀድታ አቀረበችልን፤ አንዱ ከብረት ጋኑ፥ አንዱ ከበርሜሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፥ ሰዓቱም ገና ስድስት አልሆነም። እርሷም አሳባችንን ከፊታችን አንብባ «ጾም መሆኑን አውቃለሁ ጋሼ፤ ያሽትቱት ብቻ» ብላ ፈገግ አለች። አሸተትነው። ከብረት ጋኑ የመጣው የትኩስ ፍሬ ሽታ ነበረው፤ ገና እንደ ተቈረጠ እንጆሪ ቶሎ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ከበርሜሉ የመጣው ዝም ያለ ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን የእንጨት፥ የደረቀ ፍሬና የቅመም ሽታ አንዱ ከሌላው በኋላ ይመጣ ጀመር። በዚህ ጊዜ ከሁሉ በፊት ትዝ ያለን የቤተ ልሔሙ ዘቢብ ነበር። ያልጠጣነው ወይን ብዙ አስተማረን።

በዚያን ጊዜ የመጣንበትን ነገር ገልጠን ነገርናት። የእናቷን ዝምታ ስንነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነገር ግን ቃሏ አልተንቀጠቀጠም።

«እኔ በቀን ብዙ ጊዜ እቀምሳለሁ፤ ግን ቀምሼ እተፋለሁ። ሙያው እንዲህ ያዛል፤ የዋጠ ቀማሽ ከጥቂት ብርጭቆ በኋላ ፍርዱን ያጣል። በጾም ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ይቀምስልኛል። ጋሼ፥ አባቴን መቼ እንደሚበቃው የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ እርሱም አያውቅም ነበር። እዚህ የእኛ ሥራ ሁሉ መቼ እንደሚበቃ ማወቅ ነው። እንጨቱ መቼ እንደሚበቃው፥ አየሩ መቼ እንደሚበቃው፥ ዓመቱ መቼ እንደሚበቃው። ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ ላስረዳት?»

እኛም የምንመልሰው ቃል አጥተን ብርጭቆዎቹን ወደ ጠረጴዛው መለስን።

ከቀትር በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። በወደቡ ላይ አባ ኮዳው የዓሣ አጥማጆቹን ትራፊ እየጠበቀ ይንጐራደዳል። የዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ውኃ ይቀበላል፥ በቡልቡላም በኩል ወደ አብያታ ይሸኛል። ዛሬ ግን ወይኑም፥ የአበባ እርሻዎቹም፥ የገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲምም ከዚሁ አንድ ገንዳ ይጠጣሉና፥ ሐይቁም እንደ በርሜሉ የጐደለውን የሚመለከት ጠባቂ ያሻዋል።

ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ከሩቅ ይታያል። በዚያ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በአባቶች ትውፊት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት ያረፉበት ይህ ደሴት ነው። የብራና መጻሕፍትም በዛይ ሕዝብ እጅ በዚያ ዘመናትን ተሻግረዋል። ብራና እርጥበት ያበሰብሰዋል፥ አይጥ ይቈርጠዋል፥ እሳት ይበላዋል። ሆኖም በውኃ መካከል ያሉ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ጠበቁት። የልጅቱን መዝገብና የደሴቱን ብራና በአሳባችን ባስተያየን ጊዜ፥ የዕድሜ ምሥጢር ተገለጠልን። ዘመን ብቻውን ምንም ነገር አያጣፍጥም፤ ዘመን ለብቻው የሚያውቀው ማበላሸትን ነው። ያረጀ ወይን ማለት በየዕለቱ የተጠበቀ ወይን ማለት ነው።

ወደ ናዝሬት በተመለስን ማግስት ወደ እናቲቱ ቤት ሄድን። መጠጥ ጉዳት የለውም አላልናቸውም፤ እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት፥ በዚያ ባዶ ወንበር ፊት፥ ውሸት በሆነ ነበር። ከጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ለሰከረ ሰው ያው የሚያሰክረው መሆኑን፥ በከተማችንም በየመንገዱ ብዙ ቤት የሚፈታበት መሆኑን እናውቃለን። የነገርናቸው ያየነውን ነው። ልጅዎ በበርሜሎች መካከል ቆማ የጐደለውን ትሞላለች፤ የቀመሰችውን ትተፋለች፤ ረቡዕንም ታውቃለች፤ አባቷ ያላገኘውን፥ መቼ እንደሚበቃ ማወቅን፥ ሙያዋ አድርጋ ይዛዋለች አልናቸው።

እናቲቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ። በኋላም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ከሥራዋ ቦታ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አለ?» አሉ። «አለ» አልናቸው። ከዚያም ስልካቸውን ከብብታቸው አውጥተው ደወሉላት፤ «እደጊ፥ ተመንደጊ፥ የእጅሽ ሥራ ይባረክልሽ» ሲሏት እኛ ቀስ ብለን ወደ ደጅ ወጣን።

ልጅቱ በእጃችን የላከችላቸው ስጦታ ነበር፤ አዛውንቱ ገርዘው ከጣሉት ቅርንጫፍ፥ አስፈቅዳ የወሰደችውን፥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክንድ የሚሆን የወይን ቍራጭ። እናቲቱ በአጥራቸው ሥር ተከሉት። ቍራጩም በቀለ፤ በሁለተኛው ዓመት ከአጥሩ በላይ ወጥቶ የጎረቤት ልጆች ጥላ ሆነ። ቅጠሉ እንዲህ ሲበዛ አይተን «መገረዝ አለበት፤ ካልተገረዘ አያፈራም፥ እኛ እንቍረጠው?» ብንላቸው፥ እጃችንን ያዙን።

«ይተዉት መምህር፤» አሉ። «ለጥምቀት ልጄ ትመጣለች። የእርሷ ሙያ ነው።»